ሁለት ታክሲ ሄጄ፣ ሁለት ታክሲ ተመልሼ

ልጆቼ፣

በሳይኮሎጂ፣ በሶሻል ወርክና በነርሲንግ ተመርቃችሁ አንዳንዶቻችሁ ትደውሉልኛላችሁ። «የምክር አገልግሎት መስጫ ቢሮ ለመክፈት ምን ያስፈልጋል?» ትሉኛላችሁ። ኪራዩን፣ ፈቃዱን፣ ሶፋውን ትጠይቁኛላችሁ። ሰላሳ ዓመት የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለ ሶፋው ከማውራቴ በፊት ስለ አንዲት ሴት ልንገራችሁ።

ጉሊት ሽንኩርትና ድንች ትሸጣለች። ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆች ለብቻዋ ታሳድጋለች። ራሷን ያማታል፣ ልቧ ይመታል፣ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኗ አይከደንም። ሁለት ዓመት የጨጓራ መድኃኒት ስትውጥ ቆይታ ነው እኔ ጋ የደረሰችው። ግማሽ ሰዓት ያህል አለቀሰች። ከዚያ «ሲስተርዬ፣ ይሄን ለሰው ስናገር ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» አለችኝ። በሳምንቱ ቀጠርኳት፣ መጣች። ፊቷ ትንሽ ፈካ ብሎ ነበር። ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ቀረች። እኔም ካርዷ ላይ «ቀጠሮ አላከበረችም» ብዬ ጻፍኩ።

ከወራት በኋላ ጉሊት አገኘኋት። ለምን እንደቀረች ጠየቅኳት። «ሁለት ታክሲ ሄጄ፣ ሁለት ታክሲ ተመልሼ፣ የዚያን ቀን ገበያዬን ትቼ፣ ማታ ለልጆቹ ምን ላቅርብ?» አለችኝ። ለካርድ የከፈለችው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የከበዳት መንገዱና የጠፋው ቀን ነው። ካርዷ ላይ የጻፍኳት ቃል እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች።

ገንዘብ ያለው ሰው ሲጨንቀው የግል ባለሙያ ጋ ሄዶ አንድ ሰዓት ይናገራል። ለዚያች ሰዓት የሚከፍለው ለቀን ሠራተኛ የስንት ቀን ጉልበት እንደሆነ እናንተው አስቡት። የባሰበት ድሃ ደግሞ ለብዙ ዘመን ተስፋው አማኑኤል ነበር፤ ለአሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል እርሱ ነውና። በሽተኛቸውን በገመድ አስረው፣ በሬ ሸጠው፣ ቀናት ተጉዘው የሚመጡ ቤተሰቦች ተቀብያለሁ። በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ሰውስ? ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራዋ ልጅ፣ ከዓረብ አገር ተጎድታ የተመለሰችው፣ ሥራ ያጣው አባወራ? እነሱ ሆዳቸው ውስጥ ይዘውት ይኖራሉ።

ዝምታው ደግሞ ድህነቱን ያባብሰዋል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቶ አትክልት ተራ አይደርስም። ሥራ ይቀራል፣ ዕቁብ ይቋረጣል፣ የእድር ክፍያ ይጠራቀማል። ከዚያ አንዱ ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል። የእናትየው ጭንቀት በልጁ ዕድሜ ላይ ይጻፋል። ስለ እኩልነት ስናወራ መሬትና ደመወዝ ብቻ ትዝ እንዳይለን።

አሁን ሐራሬ ልውሰዳችሁ። ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የዚምባብዌ የሥነ አእምሮ ሐኪም አለ። አንዲት ወጣት ታካሚው ራሷን አጠፋች። ለምን እንዳላመጧት ሲጠይቅ እናቷ የአውቶቡስ 15 ዶላር እንዳልነበራቸው ነገሩት። ይህን ሳነብ ጉሊቷ ሴት ፊቴ ላይ ድቅን አለች። እርሱ ግን ከእኔ የተሻለ ነገር አደረገ። ምባሬ በምትባለው የድሆች ሰፈር ሥራ ለመጀመር ሲነሳ ነርስም ክፍልም አልሰጡትም። የቀሩት አሮጊቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ 14 አያቶችን አሠልጥኖ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። መጀመሪያ «የአእምሮ ጤና ወንበር» ሲለው ሰው መቀመጥ ፈራ። «የወዳጅነት ወንበር» እንበለው ያሉት አያቶቹ ናቸው። ሰው መጣ።

ሥራቸው ይሠራል ወይ ለምትሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ታትሟል። ከስድስት ወር በኋላ በተለመደው አገልግሎት ከቆዩት ግማሽ ያህሉ የድብርት ምልክት ነበረባቸው። አያቶቹ ጋ ከተቀመጡት ግን 14 ከመቶ ያህሉ ብቻ። ፓኪስታን ውስጥ ራዋልፒንዲ አካባቢም ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ሠራተኞች የተጨነቁ እናቶችን እንዲያዋዩ ሠልጥነው ተመሳሳይ ውጤት ታይቷል። እኛ ደግሞ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። የቤቱን በር ያውቁታል። ቡናውን ጠጥተውታል። ከእነሱ ጋር ሥሩ፣ እነሱን አሠልጥኑ፣ ከእነሱም ተማሩ።

የዚምባብዌ ሾናዎች ድብርትን «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። እኛስ «ሐሳብ ገደለኝ» እንል የለ? ስለዚህ ሰፈር ስትገቡ «ድብርት አለብዎት?» ብላችሁ አትጀምሩ። የሰውየውን ቃል ውሰዱ። አንጀቴ አረረ ካለ፣ ከአንጀቱ ጀምሩ።

የሥራችን ስም ራሱ ያሳስተናል። «ምክር» ስንል አንዱ ይናገራል፣ ሌላው አንገቱን ይነቀንቃል። የተጨነቀውን ሰው ሽማግሌም፣ ጎረቤትም፣ አክስትም መክረውት ሰልችቶታል። የተጨነቀችዋም ሴት «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ቻይው» የሚለውን ሺህ ጊዜ ሰምታዋለች። እኔ «ማዋየት» የሚለውን ቃል እወዳለሁ። ያዋየ ሰው ይጠይቃል፣ ይሰማል። አያቶቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ችግሩን ሁሉ ያስዘረዝራሉ። ከዚያ «ከዚህ ሁሉ ዛሬ የትኛውን እንያዝ?» ይላሉ። የምትመርጠው ሴትየዋ ናት። ለሳምንቱ አንድ ትንሽ እርምጃ ይዛ ትሄዳለች።

ያ እርምጃ አንዳንዴ ወረዳ ሄዶ ሴፍቲኔት መመዝገብ ይሆናል። ስለዚህ የትኛው ቢሮ፣ የትኛው ወረቀት እንደሚፈለግ እወቁ። የተራበን ሰው በወሬ ማጽናናት አይቻልም፤ ይህን ማንም አያታልላችሁ። አብራችኋት ቢሮው ድረስ ብትሄዱ ግን ተራ ወሬ አይደለም።

ክፍያን በተመለከተ፣ በነፃ ብቻ እየሠራችሁ አትዘልቁም። እናንተም የቤት ኪራይ አለባችሁ። ሳምንቱን ከሚችለው እያስከፈላችሁ ሁለት ግማሽ ቀን ለሰፈር ስጡ። እድሮችን አነጋግሩ። ድንኳንና ወንበር አላቸው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው ያምናቸዋል። ጤና ጣቢያውም ግቢው ውስጥ የዛፍ ጥላ አይነፍጋችሁም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። ሰፈር ውስጥ ሁሉም ሁሉን ያውቃል። አንዲት ቃል ከእናንተ አፍ ከወጣች ሥራው አለቀ፤ ለሚስትም፣ ለባልም፣ ለንስሐ አባትም ቢሆን። ጠበል የምትሄደውንም አታሸማቅቋት፤ ጠበሉንም መድኃኒቱንም ይዛ መሄድ ትችላለች። «መሞት እፈልጋለሁ» ያለችን ሴት ወይም ድምፅ የሚሰማውን ሰው ግን ብቻችሁን አትያዙ። የሚደወልለት ሐኪም ቁጥር ኪሳችሁ ይኑር፤ ያን ቀን ተከትላችሁ አድርሱ። እናንተም በየሳምንቱ የምታዋዩት ባልደረባ ያስፈልጋችኋል። የሌላውን ጭንቅ ይዤ ቤቴ የገባሁባቸው ዓመታት ብዙ አስከፍለውኛል።

የመጀመሪያው ቀን ማንም አይመጣም። ሁለተኛውም ሳምንት እንደዚያው ሊሆን ይችላል። ተቀመጡ። አንድ ቀን አንዲት ሴት ዘንቢሏን ይዛ ታልፋለች፣ ትመለሳለች፣ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። «እኔ እንኳ ምንም አልሆንኩም፣ ራሴን ብቻ ነው የሚያመኝ» ትላችኋለች። ራስ ምታቱ መቼ እንደጀመራት ጠይቋት።