ታይም ሼር የገዛ ሰው የእረፍት ወጪ አይጨምርበትም?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ እንዴት ከረማችሁ። እኔ ጎንደር አራዳ ገበያ ሱቅ አለኝ፣ እህቴ ደግሞ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። ሰሞኑን ልጆቹን ሊያዝናኑ ኦርላንዶ ሄደው ቁርስ ተጋብዛችኋል ተብለው ስለ ታይም ሼር (በየዓመቱ አንድ ሳምንት አንድ መዝናኛ ቦታ የማረፍ መብት አስቀድሞ መግዛት ነው የሚሉት) ሲሰበኩ ውለው ፈርመው ወጡ። አሁን በደወለች ቁጥር «ሆቴል በየዓመቱ ይጨምራል፣ እኛ ግን ዋጋውን ዘጋነው፣ ዕድሜ ልካችንን ጭማሪ የለብንም» ትለኛለች። ለጥምቀትም ሳምንቱን ለውጠን ጎንደር እንይዝበታለን ነው የምትለው። እኔ እቁብ ሊደርሰኝ ስለሆነ ግማሹን አንተ ግባበት አለች። በጥምቀት ሰሞን እዚህ ሆቴል የት እንደሚደርስ ስለማውቅ ሐሳቡ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ግን አልዋጥልህ አለኝ። እውነት ከጭማሪ ያድናል? (ከአራዳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ላንተ በስልክ ቀድሜ የመለስኩልህ መጽሔቱ እስኪወጣ ከተጠበቀ ውሉን ማፍረሻው ቀን ስለሚያልፍ ነው፣ ለሌሎችም ስለሚጠቅም ደግሜ ልጻፈው። ኦርላንዶ ባለችበት በፍሎሪዳ ሕግ ታይም ሼር የፈረመ ሰው በ10 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይሰጥ ውሉን ማፍረስ ይችላል። የሚቆጠረው ከፈረመበት ወይም የመጨረሻውን ሰነድ ከተቀበለበት ቀን ነው፣ ከሁለቱ የዘገየው ይያዛል፣ ቅዳሜና እሁድም ይገባል። ግን በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ለሻጩ ደውሎ ሐሳቤን ቀየርኩ ማለት ምንም አያደርግም፣ በፖስታ ከላኩት ማህተሙ የተመታበት ቀን ነው የሚያዘው። «ይሄን መብቴን ትቻለሁ» የሚል ወረቀት አስፈርመዋት ከሆነም አይጸናም። ኔቫዳ የፈረመ 5 ቀን ብቻ ነው ያለው፣ አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ደግሞ 14 ቀን ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። እህትህ ዘጋነው ያለችው የመግዣውን ዋጋ ነው፣ እሱ እውነት ነው ተዘግቷል። ያልተዘጋው በየዓመቱ የሚከፈለው ሜንቴናንስ የሚሉት ነው። ኮንዶሚኒየም ያለው ሰው ለጥበቃና ለጽዳት የሚያዋጣውን አስበው፣ እዛ ላይ የመዋኛ ገንዳውን፣ የአልጋና የሶፋ ቅያሪውን፣ የንብረት ግብሩን፣ ኢንሹራንሱን ጨምርበት። ፍሎሪዳ ደግሞ የአውሎ ነፋስ አገር ስለሆነ ኢንሹራንሱ ቀላል አይደለም። ጣሪያ ከተነሳና ኢንሹራንሱ ካልሸፈነው ባለቤቶቹ ልዩ መዋጮ ይጠየቃሉ። የሠራተኛ ደመወዝ ሲጨምር፣ መብራት ሲጨምር፣ ሆቴሉን የሚያስወድደው ነገር ሁሉ በዚህ በር ይገባል ማለት ነው፣ ውሉ ላይ ደግሞ ከዚህ በላይ አይጨምርም የሚል ጣሪያ ብዙ ጊዜ አታገኝም።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ጭማሪው ራሱ አይደለም። ሆቴል ሲወደድብህ ዘንድሮ ይቅርብኝ ትላለህ፣ ወይ ዘመድ ቤት ታርፋለህ፣ ወይ ከሳምንት ወደ ሦስት ቀን ታሳጥራለህ። ሜንቴናንስ ግን ሄድክም አልሄድክም፣ ታመምክም ከሥራ ወጣህም ትከፍላለህ፣ ካልከፈልክ ዕዳው ወደ ሰብሳቢ ሄዶ ክሬዲትህ፣ ማለትም የብድር ታሪክህ፣ ይበላሻል። ስለዚህ ከጭማሪ መዳን ሳይሆን ጭማሪውን እምቢ የማለት መብትህን መሸጥ ነው።

በቁጥር እንየው። አሜሪካ ከኩባንያው የሚገዛ ሰው በአማካይ ከ20,000 ዶላር በላይ ነው የሚከፍለው፣ ሜንቴናንሱም በአማካይ በዓመት ከ1,000 ያልፋል። መግዣው 24,000፣ ሜንቴናንሱ 1,200 ሆኖ በዓመት 5 ፐርሰንት ቢጨምር በ10 ዓመት ሜንቴናንሱ ብቻ 15,000 ገደማ ይመጣል፣ ከመግዣው ጋር 39,000፣ ማለትም አንዱ ሳምንት 3,900 ዶላር። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ዓመት ሳይቀሩ ከሄዱ ነው ይሄ። በ15ኛው ዓመት ሜንቴናንሱ ራሱ ወደ 2,400 ይጠጋል። ይሄ ደግሞ በካሽ ለገዛ ነው፣ አብዛኛው ሰው እዛው ጠረጴዛ ላይ በሚሰጡት ብድር ነው የሚገዛው፣ ወለዱ ከባድ ነው። 20,000 ዶላር በ15 ፐርሰንት ለ10 ዓመት የተበደረ ሰው 38,700 ገደማ መልሶ ነው የሚገላገለው።

እና ይሄ ሁሉ አልጋ ብቻ ነው። ቲኬቱ፣ ምግቡ፣ የፓርኩ መግቢያ፣ የመኪና ኪራዩ እንደ ገበያው ነው። አንተ ደግሞ ግማሹን ከፍለህ ለመሄድ መጀመሪያ ቪዛ፣ ማመልከቻው 185 ዶላር ነው፣ ቢከለክሉህም አይመለስም። የቪዛውን ዋጋስ ማን ዘጋልህ?

የጥምቀቱ ነገር ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንባችሁ እፈራለሁ። ሳምንት መለዋወጥ ከ1974 ጀምሮ ያለ አሠራር ነው፣ አር ሲ አይ የሚባለው ድርጅት ነው የጀመረው፣ ግን የአባልነት ክፍያም የመለወጫ ክፍያም ለብቻ አለው፣ ከዛ በላይ ደግሞ በምትፈልጉት ከተማና ሳምንት ማረፊያ መኖር አለበት። እህትህ ሻጩን «በቃል አትንገረኝ፣ ጎንደር፣ የጥር 11 ሳምንት፣ ስክሪን ላይ አሳየኝ» ትበለው። ካላሳያት መልሱን አገኘች።

ለሚሆነው ሰው ይሆናል፣ አልዋሽህም። በየዓመቱ እዛው ቦታ የሚሄድ፣ ብድር ያልነካ፣ በተለይ ከሌላ ባለቤት በርካሽ የገዛ ሰው ከሆቴል ቀንሶለት ሊያርፍ ይችላል።

እቁብህን ግን አታስገባው። ክፍያው በዶላር ነው፣ ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይመራ ሲባል 57 አካባቢ የነበረው ዶላር 100ን ጥሶ ሄዷል፣ ሜንቴናንሱ አንድ ሳንቲም ባይጨምር እንኳን ባንተ ብር በጣም ጨምሯል ማለት ነው። ከጎንደር ዶላር መላኩ ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። ለእህትህ ያለህን ፍቅር ጥምቀት ስትመጣ ቤትህ በማሳደር ግለጸው፣ እሷም የምትፈልገው እሱን ይመስለኛል።

10 ቀኑ አልፎባቸው ከሆነ መጀመሪያ ራሱ ኩባንያው ጋ ይደውሉ፣ ትልልቆቹ ብድሩ ካለቀ መልሰው የሚረከቡበት አሠራር አላቸው። ደውሎ «እኔ አስወጣችኋለሁ፣ ቅድሚያ ክፈሉኝ» ለሚል ግን አምስት ሳንቲም እንዳይሰጡ፣ የአሜሪካው የንግድ ኮሚሽን ኤፍ ቲ ሲ ራሱ ስለ እነዚህ ሲያስጠነቅቅ ነው የኖረው።

ጥያቄ፦ ዳላስ ያለው ልጄ ታይም ሼር በኢንተርኔት በ1 ዶላር አገኘሁ ብሎ ሊገዛ ነው። ማታለያ ይሆን? (እናት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ እትዬ፣ ማታለያ ላይሆን ይችላል። ባለቤቶቹ ሜንቴናንሱ መሯቸው በነጻም ይሰጣሉ፣ የሚሸጡት ዕዳውን ነው። ልጅዎ የዘንድሮውንና ያለፉትን ዓመታት የሜንቴናንስ ደረሰኝ ይጠይቅ፣ ያልተከፈለ ውዝፍ እንዳለ ያጣራ፣ ውሉ ማብቂያ ዓመት አለው ወይስ ዘላለማዊ ነው የሚለውንም ያንብብ። ከሁለተኛ እጅ ሲገዛ አንዳንድ ኩባንያ ለመጀመሪያው ገዢ የሰጠውን ጥቅም ለእሱ ይከለክለዋል፣ እሱንም ኩባንያው ጋ ደውሎ ይጠይቅ። ከሁሉ በፊት ግን በየዓመቱ እዛ ይሄዳል ወይ? እሱን እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል።