ማታ ማታ እየጠጣ የሚደርቅ ሣር

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው የምኖረው። በክረምት የተከልኩት ሰርዶ እስከ ኅዳር ለምለም ነበር። አሁን በየካቲት፣ ማታ ማታ በጎማ እያጠጣሁት ቢጫ ሆኗል፤ ቦታ ቦታም ተመልጧል። አፈሩ ጥቁር ነው። ዩሪያ ልጨምርለት?

መልስ፦ ዩሪያውን ለጊዜው ይተዉት። ባጠጡ በማግስቱ ጠዋት ረጅም ካቻቢቴ መሬቱ ላይ ይሰኩ። አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ገብቶ እንቢ ካለ፣ የማታው ውኃ ከላይ ብቻ ነው የሚቀረው። ሥሩም እርጥበቱን ተከትሎ ከላይ ይቀራል፤ ቀን ላይ ፀሐይዋ ያቺን ትንሽ እርጥበት ስትጨርሳት ሣሩ ይጠወልጋል። ጥቁር አፈር ደግሞ ሲደርቅ እየተሰነጠቀ ሥር ይበጥሳል።

በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ማለዳ፣ በካሬ ሜትር 12 ሊትር ያህል ያጠጡ። ጎማዎ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ይያዙ፤ በአንድ ደቂቃ ከሞላ ለ10 ካሬ ሜትር ስድስት ደቂቃ ይበቃል። ጥቁር አፈር ቶሎ አይጠጣምና ግማሹን ሰጥተው፣ ግማሽ ሰዓት ቆይተው ቀሪውን ይጨምሩ።

አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳይጨቀይ የግማሽ ኢንች ቧንቧ ቁራጭ ጫፉን በሞረድ ስለው፣ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል በመዶሻ ያስገቡ። ቧንቧው አፈሩን ይዞ ስለሚወጣ ከፌሮ ይሻላል፤ ፌሮ አፈሩን ወደ ጎን ገፍቶ ያጠብቀዋል። ጉድጓዱን በተነፋ ኮምፖስት ይሙሉ። አሸዋ ግን አይሞክሩ! ትንሽ አሸዋ ከጥቁር አፈር ጋር ሲደባለቅ እንደ ጡብ ይደርቃል።

ሰርዶን ከሦስት ሳንቲ ሜትር በታች አይጨዱት፤ በአንድ ጊዜም ከቁመቱ ሲሶ በላይ አይውሰዱ። እሑድን ጠብቆ መላጨት ይብቃ።

የተመለጠውን ጠርዝ በእጅ ሳብ ያድርጉት። እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከተነሣ ሥሩን የበላው ከሥር ያለ ነጭ የጥንዚዛ ትል ነው፤ ቆፍረው ይልቀሙት። መላጣው ማንጎ ሥር ከሆነ ግን ትግሉን ይተዉት፤ ሰርዶ ጥላ አይወድም።

ዩሪያ የሚሰጠው ዝናቡ ሲረጋጋ፣ ሰኔ መጨረሻ ነው። ለካሬ ሜትር 10 ግራም ብቻ፣ ቅጠሉ ደርቆ ሳለ ይበተንና ወዲያው ይጠጣል፤ በእርጥብ ቅጠል ላይ ከተኛ ያቃጥላል። ዶፍ ሊጥል ደመና ሲከብድ አይበትኑ፤ ታጥቦ ጣና ይገባና የሚቀለበው እንቦጩ ነው።

ከዚያ በፊት፣ በግንቦት፣ ውኃ የሚተኛበትን ቦታ ለይተው በአንድ ሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚያዘቀዝቅ ቦይ ያውጡለት። መላጣውን መልሰው የሚተክሉት ቦዩ ካለቀ በኋላ ነው፤ ሦስት አራት አንጓ ያለው ቁራጭ፣ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ፣ ሁለቱ አንጓ አፈር ውስጥ ገብቶ።