አስከትቤው ነበር፤ ታዲያ ለምን ሞተ?

ጥያቄ፦ «አምና አንዱን ቡችላ በ45 ቀኑ ከተማ ወስጄ አስከተብኩት። ወር ሳይሞላው ደም እያስቀመጠው ሞተብኝ። ዘንድሮ ውሻዬ አምስት ወልዳለች። ጎተራው ሥር ያለችው ድመትም ሦስት ወልዳለች። ክትባቱ የማይሠራ ከሆነ ገንዘቤን ለምን ላባክን? የእብድ ውሻውስ ክትባት መቼ ነው?» በግ አርቢ፣ ከደብረ ብርሃን ዙሪያ

መልስ፦

ክትባቱን አይፍረዱበት። እኔ የምጠረጥረው ሌላ ነገር ነው፤ አንድ መርፌ ብቻ መወጋቱን።

እርስዎ አርቢ ነዎት፤ ስለ እንገር እኔ አልነግርዎትም። ጥጃ በተወለደ በሰዓታት ውስጥ እንገር ካልጠባ ምን እንደሚሆን አይተውታል። ቡችላም እንደዚያው ነው። በመጀመሪያው ቀን ከሚጠባው እንገር ጋር የእናቱን በሽታ መከላከያ ይወስዳል። ለሳምንታት የሚጠብቀው እሱ ነው። ችግሩ፣ ይህ መከላከያ በሽታና ክትባት አይለይም። ክትባቱ ውስጥ ያለው የተዳከመ ቫይረስ ነው። የእናትየው መከላከያ ጠላት መጣ ብሎ ያጠፋዋል። የቡችላው ሰውነት ምንም ሳይማር ይቀራል። መርፌው ተወግቷል፣ ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ቡችላው ግን እንዳልተከተበ ነው።

የእንገሩ ጉልበት መቼ ያልቃል? አንዱ ላይ በ6 ሳምንት፣ ሌላው ላይ በ12፣ አንዳንዱ ላይ እስከ 16 ሳምንት ይቆያል። የአንድ ሆድ ልጆች እንኳ ይለያያሉ፤ ቀድሞ ጡት የያዘውና ገፍተው ያስቀሩት እኩል አይደሉም። በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። ስለዚህ እንደጋግማለን። የመጀመሪያው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይሰጣል። ከዚያ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይቀጥላል። የመጨረሻው 16 ሳምንት ከሞላው በኋላ መሆን አለበት። ብዙ ሰው «ሦስቴ አስወጋሁት» ይለኛል። እኔ የምጠይቀው ስንት ጊዜ የሚለውን ሳይሆን የመጨረሻውን በስንት ሳምንቱ የሚለውን ነው። ዓመት ሲሆነው አንድ ይደገማል፤ ከዚያ ወዲያ ይህ ክትባት በየሦስት ዓመቱ ይበቃል።

የእርስዎ ቡችላ በ45 ቀኑ መጀመሩ ልክ ነበር። እዚያው ላይ መቆሙ ነው የጎዳው።

ደም አስቀምጦት የሞተው ደግሞ ፓርቮ በሚባለው የቫይረስ በሽታ ይመስለኛል። ሳያዩት እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ግን ማስታወክ፣ ክርፋቱ የማይቻል ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ በሁለት በሦስት ቀን መሞት፤ መልኩ እንደዚያ ነው። ከሆነ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ይህ ቫይረስ ቶሎ አይሞትም። ጥላ ባለበት አፈር ላይ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ሳሙና አይበግረውም። ሲሚንቶ ወለልና የምግብ ሳህን ከሆነ መጀመሪያ በደንብ ይጠቡ፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጠው ያፍስሱበት፤ 10 ደቂቃ ይቆይ። አፈር ላይ በረኪና ብዙም አይረዳም። ስለዚህ የዘንድሮዎቹን የአምናው የሞተበት ጥግ አያሳድጓቸው። መከተቡ እስኪያልቅም ወደ መንደር ውሾች አይልቀቋቸው።

ፓርቮን የሚከላከለው ያው መርፌ ዲስቴምፐር የሚባለውን በሽታና የውሻ ጉበት በሽታንም ይከላከላል። ዲስቴምፐር ዓይኑን አፍንጫውን መግል እያስወጣ ይጀምርና በኋላ ጡንቻውን ያንዘፈዝፈዋል።

ወደ እብድ ውሻው ልምጣ። ይህኛው ለቡችላው ብቻ ሳይሆን ለእርስዎም ለልጆችዎም ነው። 3 ወር ሲሞላቸው አንድ መርፌ፣ ዓመት ሲሆናቸው ሁለተኛ፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ በያዘው ክትባት ዓይነት በየዓመቱ ወይም በየሦስት ዓመቱ። ዘመቻ ቀበሌዎ ድረስ ከመጣና ቡችሎቹ ገና 2 ወራቸው ከሆነ ግን «አልደረሱም» ብለው አይመልሱት። ያስወጓቸው፣ በኋላ ይደገማል። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚሞቱ ሰዎች ውስጥ 99 ከመቶው የሚይዛቸው ከውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዲት ላም ለሃጯን እያዝረበረበች፣ ድምጿ ጎርንኖ እየጮኸች አገኘኋት። ባለቤቱ «ድንች ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ ነው» አለኝ። እኔም ያለ ጓንት እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩት። ምንም ድንች የለም። በሦስተኛው ቀን ወድቃ ሞተች። ከሁለት ወር በፊት የጎረቤት ውሻ እንደነከሳት ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ። እኔም ባለቤቱም ክትባቱን ጨርሰን ተወጋን። ዛሬም ለሃጭ የምታዝረበርብ ላም ሳይ እጄ ኪሴ ውስጥ ይገባል። እርስዎም አይንኩ። ውሻ ከነከሰዎት ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የነከሰውን ውሻ መያዝ ከተቻለ ወዲያው አይግደሉት፤ ታስሮ 10 ቀን ይታይ።

ድመቶቹ? የእነሱም ጊዜ ከቡችሎቹ ጋር አንድ ነው። ፓርቮን የሚመስል የራሳቸው በሽታ አለ፤ ሁለት የጉንፋን ዓይነቶችም አሉ፤ ሦስቱም በአንድ መርፌ ይሰጣሉ። የድመት ክትባት በየወረዳው ላያገኙ ይችላሉ። አቅምዎ ለአንድ ብቻ ከሆነ የእብድ ውሻውን ያስወጓቸው እላለሁ። ድመትም ታብዳለች፤ ስትቧጭርና ስትነክስ ደግሞ ሰው ይንቃታል።

ክትባት ገዝተው በኪስዎ ይዘው አይምጡ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ፀሐይ የመታውም በረዶ የሆነውም ዋጋ የለውም። ቡችሎቹን በቅርጫት አድርገው ክሊኒክ ይውሰዷቸው። ከተወጉ በኋላ ግማሽ ሰዓት እዚያው ይቆዩ፤ ፊቱ የሚያብጥ ከተገኘ ሐኪሙ አጠገብዎ ይሁን። በማግስቱ መፍዘዝ ያለ ነው። ያመመው ወይም ያስቀመጠው ቡችላ ካለ ግን ሳይድን አይወጋ።

የሆድ ትላትል መድኃኒቱን ቡችሎቹ ከ2 ሳምንታቸው፣ የድመት ልጆቹ ከ3 ሳምንታቸው ጀምሮ በየ15 ቀኑ ይስጧቸው። እናትየዋም አትረሳ። ይህ ለበጎችዎም ነው። አንገቱን አጣሞ እየዞረ የሚሞተውን በግ ያውቁታል፤ አዙሪት የምንለውን። የሚመጣው ከውሻ የሆድ ትል ነው። ውሻው ትሉን የሚያገኘው ደግሞ እኛ አርደን ከምንጥልለት ከበጉ ጭንቅላት ነው። ጥሬ ጭንቅላትና ውሃ የቋጠረ ጉበት ለውሻ አይጣል፤ ይቀበር ወይም ይቃጠል።

ከአምስቱ ውስጥ ለጎረቤት የሚሰጡት ካለ፣ የክትባት ካርዱን አብረው ይስጡ። የሚቀጥለው መርፌ ቀን ላዩ ላይ ይጻፍ። ሁለተኛው መርፌ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ቡችላው ቤት ሲቀይር ነው።