ቀን እየሠሩ ማታ መማር፦ ስለ አጫጭር የሙያ ሥልጠናዎች ጠይቁኝ (ጅማ)

ሰላም የጅማ ልጆች። የቤት ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ባብዛኛው ቀን ሠርተው ማታ የሚመጡ ናቸው። ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር፦ ከመክፈላችሁ በፊት ወርክሾፑን ገብታችሁ እዩ።

የመንደራዋ፦ ጋሼ፣ ባንክ ነው የምሠራው፣ 11 ሰዓት እወጣለሁ። የትኛው ኮርስ ይሻላል?

መልስ፦ ለምን ፈለግሽው? ሥራ ልትቀይሪ ነው ወይስ በጎን ልትሠሪ? እሱን ንገሪኝና እንነጋገር።

ቀለም ቀቢው፦ ኮሌጁ ሰርተፍኬት ከሰጠኝ ሲኦሲ ለምን እፈተናለሁ?

መልስ፦ ሁለቱ አንድ አይደሉም። የኮሌጁ ወረቀት «ሠልጥኗል» ነው የሚለው። የብቃት ምዘናው፣ ማለትም ሲኦሲው፣ ደግሞ «መሥራት ይችላል» ይላል። በጽሑፍም በተግባርም ትመዘናለህ። በልምድ የተማረ ሰውም መመዘን ይችላል። አንተ ዓመታት ቀለም ከቀባህ መጀመሪያ ስለ ምዘናው ጠይቅ። የምታውቀውን እንደገና ለመማር ገንዘብህን አታውጣ።

የቦሳ ቂቶዋ እናት፦ ልጄ፣ እንጀራ ጋግሬ ነው የምሸጠው። ምጣዱን ስሰካው ሶኬቱ እንደ እሳት ይግላል። ኮርሱን ብማር ይጠቅመኛል?

መልስ፦ እማማ፣ ከኮርሱ በፊት ምጣዱን ዛሬውኑ ይንቀሉት። እባክዎ።

ክፍል ውስጥ የመጀመሪያ ቀን የማሳየው አንድ የተቃጠለ ሶኬት አለኝ። አንዱ ቀዳዳው አብጧል፣ ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኗል፣ እስካሁን ይሸታል። ተማሪዎቼ እየተቀባበሉ ያዩታል። ከዚያ ሒሳቡን እንሠራለን። ምጣዱ 3,500 ዋት ቢሆን ለ220 ቮልት ስናካፍለው 16 አምፒር ገደማ ይመጣል። ያ ሁሉ ለአምፖል በተዘረጋ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ቀጭን ሽቦ ሲያልፍ ሽቦው ይግላል። በዲቫይደር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ምጣድ የራሱ መስመር ይፈልጋል፦ ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ሳጥን በቀጥታ የሚመጣ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ የራሱ 20 አምፒር ብሬከር፣ የመሬት ገመድም። ብሬከሩ ወረደ ብሎ ትልቅ ብሬከር የሚቀይር ሰው ቢመጣ አይፍቀዱለት። ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ትልቅ ከሆነ ሽቦው እየነደደ ዝም ይላል።

ኮርሱ ይጠቅምዎታል፣ ግን ይህን መስመር ባለሙያ ይዘርጋልዎ።

የአጋሮው፦ እንጀራ እኮ በእንጨት ነው የሚጥመው።

የሂርማታዋ፦ ጭሱንስ አንተ ትስበዋለህ? እናቴ ዓይኗን ያጣችው በእሱ ነው።

የአጋሮው፦ ይቅርታ፣ ጣዕሙን ብዬ ነው። ግን መብራት ሲጠፋስ?

መልስ፦ ወደ ሥልጠናው እንመለስ።

አዲስ ተመራቂ፦ ዲግሪ አለኝ፣ ሥራ የለኝም። ለ3 ወር ኮርስ ብገባ አያሳፍርም?

የሂርማታዋ፦ ዲግሪ ይዞ ፒንሳ መጨበጥ ውርደት ነው እንዴ?

ቀለም ቀቢው፦ ተዪው፣ ቤተሰቡ ስንት ደክሞ አስተምሮታል። ጭንቀቱ ይገባኛል።

መልስ፦ አያሳፍርም። ግን ከመክፈልህ በፊት ወርክሾፑን እይ።

ሌላ ሰው፦ ጋሼ፣ የትኛው ኮርስ ያዋጣል?

መልስ፦ ከላይ ለመንደራዋ ያልኳትን አንብብ፣ መጀመሪያ ለምን እንደፈለግኸው ንገረኝ።

የጀንፈል መፈልፈያ ሠራተኛ፦ ሞተራችን በዓመት ሁለቴ ይቃጠላል። የሞተር ኮርስ ልግባ?

መልስ፦ ግባ! እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለኛል። ሞተርህ ባለ 3 ፌዝ ነው፣ ማለትም ኤሌክትሪክ በሦስት መስመር ይገባለታል ብዬ ልገምት። አንዱ ፌዝ ሲቋረጥ ሞተሩ ወዲያው ላይቆም ይችላል። እያጉረመረመ በቀሩት ሁለቱ ይሠራል፣ ይግላል፣ ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል ይነዳል። የኦቨርሎድ ሪሌው (ሞተሩ ከልኩ በላይ ሲስብ የሚያጠፋው መሣሪያ) ተነቅሎ ወይም ልኩ ከፍ ተደርጎ እንደሆነ ዛሬ እይ። «በየጊዜው እያጠፋ አስቸገረን» ተብሎ ይነቀላል፣ ከዚያ ሞተሩ ይቃጠላል። ኮርሱን ስትመርጥ አንድ ነገር ጠይቅ፦ ለስንት ሰው ስንት ሞተር አለ? ለ30 ሰው አንድ ሞተር ከሆነ አንተ ቆመህ ነው የምትመለከተው። በእጅህ ሳትፈታና ሳትገጥም ምንም አትማርም። ስለዚህ ነው ወርክሾፑን እዩ እያልኩ የምደጋግመው።

ባሪስታ፦ የቡና ቅምሻ ኮርስስ?

መልስ፦ ሙያዬ አይደለም።

የሊሙው፦ እኔ ልመልስ። ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ 8.25 ግራም ቡና ነው። ውሃው ከተጨመረ 4 ደቂቃ ቆይቶ ላዩ ላይ የሰፈፈው ቡና በማንኪያ ይሰበራል። አሠልጣኙ ሚዛንና ሰዓት ሳይዝ የሚያስቀምስህ ከሆነ ትተኸው ውጣ።

መልስ፦ እናመሰግናለን። ይኸው፣ በቡናውም ያው ነው።

የመንደራዋ፦ ጋሼ፣ አሰብኩበት። ቤታችን የሚከራይ አራት ክፍል አለው፣ ጥገናውን ራሴ ልሠራ ነው የምፈልገው።

መልስ፦ አየሽ፣ አሁን ጠየቅሽ። የቤት ኤሌክትሪክ ጀምሪ። ቅዳሜ ወርክሾፑን ስታዪ ቴስተር በእጅሽ እንዲሰጡሽ ጠይቂ።

የቦሳ ቂቶዋ እናት፦ ነቅዬዋለሁ ልጄ። አንዱ ቀዳዳ እንዳልከው አብጧል።

መልስ፦ ተመስገን። ሶኬቱን አይጣሉት፣ ለሚመጣው ባለሙያ ያሳዩት።