ጠዋት አልነሳ ያለኝን አይሱዙ ለሻጩ መመለስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጠበቃችን። የምኖረው አዳማ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት አዲስ አበባ ከሚኖር ሰው አሮጌ አይሱዙ ኤንፒአር በ2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ገዛሁ። 150 ሺህ ብር ይቀረኛል፣ በወሩ ልከፍል ፈርሜያለሁ። ስናየው ወዲያው ነበር የተነሳው። ደላላውም “ሞተሩ ተነክቶ አያውቅም” አለኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት አልነሳ ይላል። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ናፍታውን በእጅ ፓምፕ ስንገፋለት ይነሳል፣ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ችግር የለበትም። አንዱ መካኒክ ዋናው የናፍታ ፓምፕ ወርዶ ይታደስ ይላል፣ ሌላው አየር እየሳበ ነው ይላል። ባለፈው ከመቂ የጫንኩት ቲማቲም በዚሁ ምክንያት ገበያ አምልጦት ከሰርኩ። ሻጩ ጋ ስደውል “ባለበት ሁኔታ ነው የገዛኸው” ብሎ ዘጋብኝ። ውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ 1 ሚሊዮን 100 ሺህ ነው። ውሉን አፍርሼ ብሬን ማስመለስ እችላለሁ? ቀሪውን ባልከፍልስ? የመኪናውን ፎቶ አያይዣለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ወደ ሕጉ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልለምንህ። ፓምፑን አታስፈታ። መካኒኩ የቱንም ያህል የምታምነው ሰው ቢሆን፣ ሻጩ በጽሑፍ ሳይጠራና መኪናው አሁን ባለበት ሁኔታ በባለሙያ ሳይታይ አንድ ብሎን እንዳይፈታ። እንዲህ ዓይነት ጉዳይ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ሲሸነፉ ያየሁት ብዙውን ጊዜ ማስረጃቸውን ራሳቸው ጋራዥ ውስጥ ስለበተኑት ነው። ፓምፑ አንዴ ከወረደ በኋላ ጉድለቱ ስትረከብ የነበረ ይሁን ያንተ መካኒክ ያመጣው ይሁን ማን ይለየዋል? የሻጩ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንኑ ነው። የማስረዳት ሸክሙ ደግሞ ያንተ ነው።

ሕጉ በመሠረቱ ከጎንህ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ነው ይላል። አንድ ዕቃ ለተለመደው አገልግሎቱ የሚያስፈልገውን ነገር ካጣ ጉድለት አለበት። ጠዋት የማይነሳ የጭነት መኪና ደግሞ ለምን እንደማይጠቅም ለማንም ዳኛ ማስረዳት አያቅትህም። ግን ልብ በል፣ የገዛኸው አሮጌ መኪና ነው። የሠላሳ ዓመት መኪና እንደ አዲስ ይሁን ብሎ የሚፈርድ ፍርድ ቤት የለም። ያለቀ ጎማ ቱቦ፣ የደከመ ባትሪ፣ የቆሸሸ ፊልትሮ የዕድሜ ነገር ነው። ስለዚህ ጉዳይህ የሚወሰነው መኪናው ለምን አይነሳም በሚለው ላይ ነው። እሱን ሳታውቅ “ውሉ ይፍረስልኝ” ብለህ ብትከስ ገንዘብህንም ጊዜህንም ታባክናለህ።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን ባለሙያዎች ፍርድ ቤት ቀርበው ሲያስረዱ ደጋግሜ ሰምቻለሁ፣ አንተም ነገሩን ብታውቀው ማንም አያታልልህም። ናፍታ ሞተር የሚነሳው በብልጭታ አይደለም። ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቀው አየሩ ይግላል፣ በጋለው አየር ላይ ናፍታ ሲረጭ ይቀጣጠላል። እንዲህ ያለው አሮጌ መኪና ላይ ናፍታው ከታንኩ በትንሹ መሳቢያ ፓምፕ ይሳባል፣ በፊልትሮ ያልፋል፣ ወደ ዋናው ፓምፕ ይገባል፣ ከዚያ በቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ናፍታውን ወደሚረጩት ኖዝሎች ይሄዳል። ከታንኩ እስከ መሳቢያው ፓምፕ ያለው መስመር የሚሠራው በመሳብ ነው። እዚያ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ወይም የላላ ማሰሪያ ካለ ናፍታ ወደ ውጭ ላይንጠባጠብ ይችላል፣ አየር ግን ወደ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው ከመኪናው ሥር ምንም እርጥበት ሳታይ ችግሩ የሚቀጥለው። ሌሊት መኪናው ሲቆም ናፍታው ወደ ታንኩ ይመለሳል፣ ጠዋት ሞተሪኖው ቢዞር ቢዞር ዋናው ፓምፕ የሚያገኘው አየር ነው። በእጅ ስትገፋለት መስመሩ ይሞላል፣ ሞተሩም ይነሳል።

ውስጡ ያለቀ ዋና ፓምፕ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግረው ሞተሩ ሲግል ነው። ናፍታው ሲሞቅ ይቀጥናል፣ በተበላው ክፍተት በኩል ያመልጣል፣ እናም መኪናው ጠዋት ተነስቶ ቀን ላይ አቁመህ ልታስነሳው ስትል እምቢ ይላል። ያንተ የተገላቢጦሹ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው መካኒክ ያለው ለጊዜው ይበልጥ ያሳምነኛል። ፓምፕ ለማሳደስ ብዙ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ይህን አስብበት።

ይህን ለማጣራት ፓምፕ ማውረድ አያስፈልግም። በፊልትሮውና በዋናው ፓምፕ መካከል ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ይገጠማል፣ ሞተሩ ሲነሳ አረፋ ካለፈ አየር እየገባ ነው። ሌላው ደግሞ ማታ የታንኩን መስመር ነጥሎ ናፍታውን ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ንጹህ ጀሪካን በአጭር ቱቦ መስጠት ነው። ጠዋት ያለ ችግር ከተነሳ ጥፋቱ ከታንኩ በሚመጣው መስመር ላይ ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ጭሱንም እዩት። ጭራሽ ጭስ ከሌለ ናፍታ እየደረሰ አይደለም። ነጭ ጭስ ካለ ናፍታው ደርሷል ግን አልተቀጣጠለም፣ ያኔ ወደ ማሞቂያ ካንዴላው፣ ወደ ኮምፕሬሽኑ (ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበት ኃይል) እና ወደ ፓምፑ ታይሚንግ (ናፍታው የሚረጭበት ቅጽበት) መሄድ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ማንም ሰው አየር ማጣሪያው ላይ ቤንዚን እንዳይረጭልህ፣ ሞተሩም ሰውም ይጎዳል። የኖዝል መስመሮቹም ሞተሩ እየዞረ በእጅ አይነኩም። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍታ ቆዳ በስቶ ይገባል።

አሁን ወደ ጉዳይህ። ምርመራው የቱቦና የመሳቢያ ፓምፕ ችግር ነው ካለ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ውል ማፍረሱን እርሳው። በሁለት ሚሊዮን ብር ሽያጭ ላይ በቀላሉ የሚጠገን ነገር ውል አያስፈርስም። የጥገና ወጪህን ጠይቅ፣ እሱንም በስምምነት ብትጨርሰው ይሻላል። ኮምፕሬሽኑ ወርዷል ወይም ዋናው ፓምፕ አልቋል ከተባለ ግን ነገሩ ይለወጣል። ብታውቅ ኖሮ የማትገዛው ወይም በዚያ ዋጋ የማትገዛው መኪና ነው ብለህ መከራከር ትችላለህ።

ፎቶህን ደጋግሜ አየሁት። ከካቢኑ ኋላ፣ ቻሲው ላይ በሽቦ የታሰረ የጎማ እጅ ፓምፕ አለ። ጎማው አዲስ ነው፣ ግራና ቀኝ የገባበት ቱቦ ግን ዘይትና አቧራ የጠጣ አሮጌ ነው። በሽቦ የታሰረ ነገር ከፋብሪካ አይመጣም። አንተ ካላስገባኸው ከአንተ በፊት የነበረ ሰው ጠዋት ጠዋት ሲቸገር ኖሮ መላ ያበጀው ነው፣ ያ ደግሞ ሻጩ ችግሩን ያውቅ እንደነበር ጥሩ ፍንጭ ነው። ግን በሁለት በኩል የተሳለ ነው። ሻጩ “በግልጽ የሚታይ ነገር ነው፣ አይቶ ነው የገዛው” ይልሃል፣ ሕጉም ገዢው ያወቀውን ወይም ሊያመልጠው የማይገባውን ግልጽ ጉድለት ሻጩ ላይ አይጭንም። ስለዚህ ስታዩት ሞተሩ ቀድሞ ሞቆ ነበር ወይ፣ አብሮህ ማን ነበር፣ ስለዚያ የእጅ ፓምፕ ሻጩ ምን አለ፣ ይህን ሁሉ ሳትረሳው ጻፈው። የመኪናውን የድሮ ሾፌር ወይም ረዳት ካገኘህ ከሁሉ የተሻለ ምስክር እሱ ነው።

“ባለበት ሁኔታ” የሚለው ቃል ውሉ ላይ ተጽፏል ወይስ ሻጩ በስልክ ያመጣው ነው? ካልተጻፈ ብዙ አያስጨንቅህ። ከተጻፈም ተዋዋዮች ዋስትናን መቀነስ ወይም ማስቀረት ቢችሉም፣ ጉድለቱን አውቆ በተንኮል የደበቀ ሻጭ ከእንዲህ ያለ ሐረግ ጀርባ መደበቅ አይችልም። ለዚህ ነው ያ የእጅ ፓምፕ መቼ እንደገባ ማወቅ የሚያስፈልግህ። ደላላው የተናገረው በራሱ ሻጩን አያስርም፣ ነገር ግን ንግግሩ ሻጩ ባለበት ከነበረና ሻጩ ዝም ካለ ደላላውን በምስክርነት አስጠራው።

አሁኑኑ ማድረግ ያለብህ ማስጠንቀቂያ መስጠት ነው። ቁጥር 2291 እና 2292 ገዢው ዕቃውን በቶሎ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛሉ። የዘገየ ሰው መብቱን ሊያጣ ይችላል። ሦስት ሳምንት አልፏል፣ ስልክ መደወልህ ጥሩ ነው ግን “አልደወለልኝም” ቢልህ ምን ታሳያለህ? በጽሑፍ አድርገው። እንዲህ ብለህ መጀመር ትችላለህ፦ “በዚህ ቀን በተፈረመ ውል የሸጡልኝ ሰሌዳ ቁጥሩ ይህ የሆነ መኪና ከተረከብኩ ጊዜ ጀምሮ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አይነሳም። በዚህ ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ መኪናው ሌሊቱን ሳይነሳ ካደረ በኋላ፣ በባለሙያ ስለሚመረመር እርስዎ ወይም የእርስዎ መካኒክ እንዲገኙ አሳስባለሁ።” በሪኮማንዴ ፖስታ ላከው፣ ደረሰኙን ያዝ። ይኸው ጽሑፍ በቴሌግራምም ይድረሰው። መጣ አልመጣ በቀጠሮው ቀን ምርመራውን አድርግ። በቪዲዮ ቅረጸው፣ ባለሙያው ያየውን በጽሑፍ ይስጥህ፣ ማኅተም ያለው ጋራዥ ቢሆን ይመረጣል። ክስ ከተጀመረ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ገለልተኛ ባለሙያ እንዲያዝልህ መጠየቅ ትችላለህ።

ሻጩ “መጥፎ ናፍታ ሞልተህ አበላሸኸው” ማለቱም አይቀርም። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍታ ፓምፕ እንደሚጎዳ መካኒክ ሁሉ ያውቃል። አንተ ከማደያ በቴሌብር ከከፈልክ የክፍያው መረጃ ስልክህ ላይ አለ፣ አሁኑኑ ሰብስበህ አስቀምጠው። ከጀሪካን ገዝተህ ከሞላህ ግን ለእኔም ለማንም ጠበቃህ በግልጽ ንገር።

ቀሪው 150 ሺህ ብር ላይ ጠንቀቅ በል። ዝም ብለህ ብታስቀር ሻጩ በተፈረመው ውል ላይ ተመሥርቶ በአጭር ሥነ ሥርዓት ሊከስህ ይችላል። በዚያ ሥርዓት ተከሳሽ ለመከላከል ራሱ የፍርድ ቤቱን ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ቀሪውን ክፍያ የያዝከው ጉድለቱ ስላለ መሆኑን በዚያው ማስጠንቀቂያ ላይ ጻፍ፣ ገንዘቡም እጅህ ላይ ይኑር። አታጥፋው።

የሚያሳዝነኝ የዋጋው ነገር ነው። ውልና ማስረጃ ላይ ዋጋ አሳንሶ መጻፍ የተለመደ ሆኗል፣ ሻጩም ገዢውም ግብር የቀነሱ ይመስላቸዋል። ውሉ ቢፈርስ ግን ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ወረቀቱ ደግሞ 1 ሚሊዮን 100 ሺህ ይላል። በጽሑፍ ያለን ነገር በምስክር ብቻ ማስተባበል አይቻልም። ሙሉውን በባንክ ካስተላለፍክ መከራከሪያ አለህ፣ ሆኖም ቀላል አይሆንም፣ የግብር ጥያቄም ይዞ ይመጣል። ግማሹን በእጅህ ሰጥተህ ከሆነ ውል ማፍረስ ራሱ ሊጎዳህ ስለሚችል ካሳ መጠየቁ ይሻልሃል። ይህን ሳታሰላ ክስ አትጻፍ።

ለቲማቲሙ ኪሳራ የጭነት ደረሰኝ፣ የተሸጠበት ዋጋ፣ የዚያን ቀን የገበያ ዋጋ ያስፈልጉሃል። የመጀመሪያውን ቀን ልትጠይቅ ትችላለህ። ችግሩን ካወቅክ በኋላ በዚሁ መኪና እየጫንክ የሚደርስብህን ግን ሻጩ ይክፈል ማለት ይከብዳል፣ ኪሳራህን መቀነስ ያንተም ግዴታ ነው።

ክሱን ሻጩ በሚኖርበት ወይም ውሉ በተፈረመበት ቦታ ማቅረብ ትችላለህ፣ ባንተ ጉዳይ ሁለቱም አዲስ አበባ ነው። ምርመራው ካለቀና ጥገና ከጀመርክ የተፈታው ዕቃ ጋራዥ አይቅር፣ እያንዳንዱን ተረከብ፣ ቀን ጻፍበት። ማስጠንቀቂያውን የሰጠህበትንም ቀን መዝግብ። በቁጥር 2298 መሠረት ክሱን ማቅረብ ያለብህ ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ነው፣ ሻጩ “እናስተካክላለን፣ ትንሽ ታገስ” እያለ ቢያባብልህ እንኳ ቀኑን አትርሳ።