ኒኬል ላይ የማይሳካው ፊልም፦ ልጨምር ወይስ ልቀንስ?

ወንድሜ፣ ከጅማ የላክኸውን ጥያቄ አይቼዋለሁ። ዋይቢሲኦ የተባለውን ሱፐርኮንዳክተር (ከኢትሪየም፣ ከባሪየም፣ ከመዳብና ከኦክስጅን የተሠራ፣ በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም እንቅፋት የሚያሳልፍ ነገር) በሌዘር እያተነንክ እንደ ስስ ፊልም ትለብጣለህ። ክሪስታል ላይ ያምርልሃል። ኒኬል ጥብጣብ ላይ ግን ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነክረህ ስትለካው ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ለኤሌክትሪክ ያለው እንቅፋት፣ ዜሮ አይገባም። ማሞቂያውን ከ780 ወደ 820 ዲግሪ ብታደርገው ጭራሽ ባሰበት። ሙቀቱን ልጨምር ወይስ ልቀንስ ነው ጥያቄህ።

ለጊዜው ሙቀቱን ተወው። መጀመሪያ ቁጥሩን ጠርጥረው። ስክሪኑ የሚነግርህ የማሞቂያውን ሙቀት ነው፣ ፊልሙ የሚያድገው ግን ጥብጣቡ ፊት ላይ ነው። ቫኪዩም ውስጥ ሙቀት የሚያሻግር አየር የለም ማለት ይቻላል። ስስ ኒኬል ደግሞ ሲግል ይቆለመማል። ማሞቂያውን የነካው ይግላል፣ ብድግ ያለው ይቀዘቅዛል፤ ልዩነቱ በአሥሮች የሚቆጠር ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ፊልሙን መስኮት ዳር ወስደህ አዘንብለህ እየው። ዳሩና መሃሉ ቀለሙ ከተለያየ ጉዱ እዚያ ነው።

አንድ የማትፈልገው ቁራጭ ውሰድና ፊቱ ላይ ቀጭን ቴርሞካፕል (ሙቀት የሚለካ ሽቦ) በይድ። ጀርባውን በብር ፔስት አጣብቀህ፣ በለመድከው የኦክስጅን ግፊት አሙቀው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፍ። ስትሠራም ጥብጣቡን እንዲሁ አጣብቀው።

ከዚያ ፊልሙን በኤክስሬይ የለካህበትን ግራፍ አውጣ። ፊቱ ቀዝቅዞ ከነበረ፣ ተነጥፈው መተኛት የነበረባቸው የመዳብና የኦክስጅን ንጣፎች ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ኤሌክትሪክ እንደልቡ አያልፍም። የኤክስሬይ ቱቦህ የመዳብ ከሆነ፣ ግራፉ ላይ 46.6 ዲግሪ (እዚህ ዲግሪው የማዕዘን እንጂ የሙቀት አይደለም) ላይ ያለው ጫፍ ጤነኛ ነው፤ 47.5 አካባቢ ሌላ ብቅ ካለ ቀዝቅዟል። 43.3 ላይ ካየህ ደግሞ ኒኬሉ ዝጓል፣ ማለትም ግሏል። ከመጠን በላይ ሲግል ኒኬሉ በሱና በፊልሙ መሃል ያለውን መከላከያ ሽፋን አልፎ ፊልሙ ውስጥ ይገባል፣ የመዳብን ቦታ ይይዛል፤ ሱፐርኮንዳክተር የሚሆንበት ሙቀት ከ92 ኬልቪን ይወርዳል። ሽፋኑ ሴሪየም ኦክሳይድ ከሆነ እሱም ከባሪየሙ ጋር ይዋሃዳል። ክሪስታል ላይ የኒኬል ጣጣ የለም፤ የዚያን ሙቀት እዚህ አትገልብጥ። የኔ ምርጫ ጥብጣቡ ፊት ላይ ከተለካ 740 ዲግሪ ተነስቶ በ10 በ10 መውጣት ነው። ባንድ ጥብጣብ ላይ የ47.5ንም የ43.3ንም ጫፎች ካየህ ግን የሙቀቱን ቁጥር አትነካካ፣ ማጣበቂያውን አስተካክል።

ኦክስጅኑንም አትርሳ። ለብጠህ ስትጨርስ ክፍሉን በኦክስጅን ሙላና 500 ዲግሪ አካባቢ ግማሽ ሰዓት አቆየው። እዚያ ላይ መብራት ከሄደብህ ፊልሙን አትጣለው፤ መልሰህ አሙቀህ ኦክስጅን ስጠው።

ደግሞ ጅማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ናይትሮጅኑ ከ77 ኬልቪን በ2 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ብሎ ነው የሚፈላው። ባሕር ጠረፍ ካለ ላብ ጋር ስታወዳድር ይህን አስብ። እርጥበቱ ግን ጠላትህ ነው፤ ፊልሙን ሳትለካ ካሳደርከው ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ነገር) ያለበት ዕቃ ውስጥ ክደነው።