መልስ፦ የሽርክና ክርክርን በግልግል ለመጨረስ ጠበቃ ስለማግኘት

ውድ ጠያቂ፣ ከዱቄት ፋብሪካ ሸሪክዎ ጋር የገቡበትን ክርክር ፍርድ ቤት ሳይሄዱ በግልግል፣ ማለትም ተከራካሪዎቹ በሚመርጧቸው ዳኞች አስገዳጅ ውሳኔ፣ ለመጨረስ አዲስ አበባ ውስጥ በዚህ ዘርፍ የሠራ ጠበቃ እንዴት እንደሚገኝ ጠይቀዋል። ጠበቃ ከመፈለግዎ በፊት ውልዎን አውጥተው የመጨረሻዎቹን አንቀጾች ያንብቡ። በግልግልና ዕርቅ አዋጅ ቁጥር 1237/2013 መሠረት የግልግል ስምምነት በጽሑፍ መደረግ አለበት፤ ውሉ ላይ ያለው «አለመግባባት ቢፈጠር በሽማግሌ እንጨርሳለን» የሚለው የተለመደ ሐረግ ብቻ ከሆነ፣ ዕርቅ (አስታራቂው የሚያስማማበት እንጂ የማይፈርድበት) ነው ወይስ ግልግል የሚለው ራሱ ሌላ ክርክር ይወልዳል። የግልግል አንቀጽ ጨርሶ ከሌለ ደግሞ ሸሪክዎ አሁን ተስማምተው ካልፈረሙ በስተቀር መንገዱ ዝግ ነው።

ለፍለጋው የአዲስ አበባ ንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት የግልግል ተቋም ጥሩ መነሻ ነው። ጠበቃውን ሲያገኙ ፈቃዱ የታደሰ መሆኑን አይተው፣ ስንት ጉዳይ እንደረታ ሳይሆን ስለ ግልግል ዳኞች ቁጥርና አመራረጥ ምን እንደሚመክርዎ ይጠይቁት። ስምምነቱ ቁጥር ካልወሰነ ዳኞቹ ሦስት ይሆናሉ፤ አበላቸው የሚወጣው ከተከራካሪዎቹ ኪስ ስለሆነ፣ ገንዘቡ ብዙ ካልሆነ እኔ በአንድ ዳኛ መስማማትን እመርጣለሁ። በተቃራኒው ካልተስማሙ በቀር በውሳኔው ላይ ይግባኝ እንደሌለም አስቀድመው ይወቁ። የሚፈልጉት የሽርክና ማኅበሩ እንዲፈርስ ከሆነ፣ ወይም ክርክሩ የፋብሪካውን የሊዝ ይዞታ የሚነካ ከሆነ ግን፣ አዋጁ እነዚህን ጉዳዮች በግልግል ከሚታዩት ውጭ ስላደረጋቸው ያ ክፍል ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል።